በሙቀት አገር ኃይልን መግራት፦ የቤት ኤሌክትሪክና ስማርት ቴክኖሎጂ በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች

ስማርት ቤት የሚባለው በውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከመለኪያና ከመቆጣጠሪያ ጋር ተሳስረው፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል ኃይል እንደሚወስድ የሚታወቅበት፣ ዕቃውም በሰዓት፣ በሙቀት መጠን ወይም በስልክ ትእዛዝ የሚበራና የሚጠፋበት ቤት ነው። ሐሳቡ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ትእዛዝን በቤቱ የመብራት ገመድ ላይ የሚልከው ኤክስ10 የተባለ ዘዴ በስኮትላንድ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። የነዋሪውን ልማድ እየተማረ ሙቀትን የሚያስተካክለው ኔስት የተባለ መሣሪያ በ2011 አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ፤ የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ የሚያደርገው ማተር የተባለ ደረጃ ደግሞ በ2022 ወጣ። እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው የተነደፉት ቤት ማሞቅ ትልቁ ወጪ ለሆነባቸውና መብራት እምብዛም ለማይጠፋባቸው አገሮች ነው።

በአዋሽ ሸለቆ ጉዳዩ የሚነሣው ከተቃራኒው ጫፍ ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎና ከአዋሽ አርባ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ሎጊያና ሰመራ የሚደርሰው የጅቡቲ መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ከሆነ ቦታ ወደ 400 ሜትር አካባቢ እየወረደ ይሄዳል። ሙቀቱም በዚያው ልክ እየበረታ ይመጣል። ሰመራ ላይ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ሌሊቱም ቢሆን እፎይታ አይሰጥም። በእነዚህ ከተሞች የቤት ኃይል አያያዝ ማለት ከሁሉ በፊት ቅዝቃዜን በምን ያህል ኃይል እንደሚያገኙት ማወቅ ነው። ጉዳዩ በአራት እርከን ይታያል፤ ቤቱ ራሱ፣ በቤቱ ያሉት ዕቃዎች፣ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የሰፈሩ መስመር።

ኃይሉ ከየት ይመጣል

የኢትዮጵያ የውኃ ኃይል ታሪክ ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አቤ ሐይቅ የሚቀረው አዋሽ፣ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራውን የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተሸከመ። ቆቃ 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። አዋሽ 2 በ1966፣ አዋሽ 3 በ1971 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው ተከተሉ። ከላይኛው አዋሽ የመነጨው ኃይል ግን በቅድሚያ የሄደው ወደ አዲስ አበባና ወደ መሀል አገር ኢንዱስትሪ ነው፤ የታችኛው ሸለቆ ከተሞች ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ በናፍጣ ጄነሬተር ሲበሩ ኖረው ዘግይተው ነው ከብሔራዊው መረብ ጋር የተገናኙት።

ዛሬ ሸለቆው የሚጠቀመው እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3ና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚመግቡትን መረብ ነው። ኃይሉ ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሚገኝ ዝናብ ሲያንስ ችግሩ ለሁሉም ይደርሳል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውኃ በመቀነሱ 476 ሜጋ ዋት ጉድለት መፈጠሩ ተገልጾ፣ አገሪቱ በሙሉ ኃይል በፈረቃ እንድትጠቀም ተደርጎ ነበር። ከሕዳሴ ግድብ በኋላ ማመንጨቱ ሰፍቷል፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ግድብ ስለጎደለ ሳይሆን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ስለተጨናነቀ፣ መስመር ስለተበጠሰ ወይም ቮልቴጅ ስለወረደ ነው።

አፋር የራሱ የኃይል ሀብት የለውም ማለት አይደለም። በዱብቲ አቅራቢያ በሚገኘው ተንዳሆ የከርሰ ምድር እንፋሎት ለመፈለግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚወስደው አቅጣጫ ባለው ዲቸቶ 125 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ለማመንጨት እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጨረታ፣ የሳዑዲው አክዋ ፓወር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ አቅርቦ አሸንፎ ነበር። ዕቅዱ እስከ ግንባታ ባይደርስም፣ ያ ዋጋ የአፋር ፀሐይ ምን ያህል ርካሽ ኃይል ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል።

በቤት ውስጥ ኃይል የሚበላው ምንድን ነው

የቤት ኃይል አያያዝ ከግምት ወደ ስሌት የሚሻገረው የዕቃዎቹን ፍጆታ ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። 60 ዋት የሚወስድ የኮርኒስ ቬንትሌተር ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ቢሽከረከር በወር 43 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። 1.2 ኪሎ ዋት የሚስብ ኤሲ በየቀኑ 10 ሰዓት ቢከፈትና መጭመቂያው ግማሹን ጊዜ ብቻ ቢሠራ በወር 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስከፍላል፤ ይህም ያለማቋረጥ የሚሠሩ አራት ቬንትሌተሮች ከሚወስዱት ይበልጣል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚጎትት የእንጀራ ምጣድ በወር 13 ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 68 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል በቀን 6 ሰዓት ቢበራ በወር ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ አምፖል ማጥፋት ጥሩ ልማድ ቢሆንም የቆላውን ቤተሰብ ሂሳብ የሚወስነው እሱ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የያኔው መብራት ኃይል ኮርፖሬሽን በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን በአሮጌዎቹ ለውጦ ለደንበኞች ሲያድል፣ የቁጠባው ቀላል ክፍል ያኔውኑ ተሠርቷል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው፣ ምጣድና ኤሲ በባሕርያቸው ይለያያሉ። ምጣድ በአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ይጎትታል፤ ሆኖም የሚጋገርበትን ሰዓት ባለቤቱ መምረጥ ይችላል። ኤሲ በአንጻሩ ሙቀቱ ባየለበት ሰዓት ካልተከፈተ ትርጉም የለውም። ስለዚህ የምጣዱ መፍትሔ ሰዓት ማዛወር ሲሆን፣ የኤሲው መፍትሔ የሚያስፈልገውን ቅዝቃዜ መቀነስ ነው።

መጀመሪያ ቤቱ

ከዘንባባ ሰሌን የሚሠራው የአርብቶ አደሩ የአፋር ቤት ጥላ ይሰጣል፣ ነፋስ ያስገባል፣ ሙቀት ይዞ አያድርም። የከተማው ቤት ግን በብሎኬት ግድግዳና በቆርቆሮ ጣራ የተሠራ ነው። ቆርቆሮው ቀን ያቃጥላል፤ ብሎኬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ወደ ክፍሉ ይመልሳል። እንዲህ ባለ ክፍል የተተከለ ኤሲ፣ ስማርት ሆነ አልሆነ፣ ግድግዳውን ሲያቀዘቅዝ ያድራል።

ስለዚህ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚቀድሙት ሥራዎች ቀላልና የታወቁ ናቸው። ጣራን ነጭ መቀባት የፀሐይን ጨረር ይመልሳል። ኮርኒስ ከቆርቆሮው ሥር የአየር ክፍተት ይፈጥራል። የምዕራቡን ግድግዳ በበረንዳ ወይም በኒም ዛፍ ማጥላት የከሰዓቱን ፀሐይ ይከላከላል። ትይዩ መስኮቶች ማታ አየር ያመላልሳሉ። በዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ደረቅ በሆነበት በዚህ ሸለቆ፣ እርጥብ ንጣፍ ላይ አየር በማሳለፍ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ከኤሲ እጅግ ባነሰ ኃይል ይሠራል፤ የሚበላው ግን ውኃ ነው፤ ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ደግሞ ይህ ስሌት ይገለበጣል።

ዕቃውን ማዘዝ

በዕቃ ደረጃ ስማርት ተብለው የሚሸጡት መሣሪያዎች በጥቂት ወገን ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያው ስማርት ሶኬት ነው፤ በግድግዳው ሶኬትና በዕቃው መካከል ይገባና ፍጆታውን ይለካል፣ በተሞላለት ሰዓት ያበራል ያጠፋል። ለቴሌቪዥን፣ ለዲኮደርና ለቬንትሌተር ይበቃል። አብዛኞቹ ግን ከ10 እስከ 16 አምፔር ድረስ ብቻ የሚሸከሙ ስለሆኑ በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚጎትትን ምጣድ በእነሱ ላይ መሰካት አደጋ ነው። ለምጣድ የሚሆነው በብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚተከል ከባድ መቀያየሪያ ነው።

ሁለተኛው ወገን የኤሲ መቆጣጠሪያ ነው። በሪሞቱ ምትክ ትእዛዝ የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ክፍሉ ሰው አልባ ሲሆን ኤሲውን ያጠፋል ወይም የሙቀት ልኩን ከፍ ያደርጋል። የልኩ ነገር ቀላል አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በአገሯ የሚሸጡ የቤት ኤሲዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በ24 ዲግሪ ተሞልተው እንዲወጡ ደንግጋለች፤ የዚያ አገር የኃይል ቁጠባ ቢሮ ልኩን በአንድ ዲግሪ ከፍ ማድረግ 6 በመቶ ያህል ኃይል እንደሚያድን ይገልጻል። በሰመራም ሆነ በአዋሽ ባሉት የመንገድ ዳር ሆቴሎች እንግዳ ልኩን 16 ላይ አድርጎ በር ከፍቶ ሲወጣ፣ የበር ቁልፍ ሲነሣ ኤሲውን የሚያጠፋ መቀያየሪያ ብቻ ብዙ ኃይል ያተርፋል። ይህ መቀያየሪያ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ሦስተኛው ወገን የቮልቴጅ መከላከያ ነው። ስማርት ከሚባለው ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፤ በኢትዮጵያ ቤቶች ግን ከሁሉ የሚፈለገው እሱ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ወይም ከልክ ሲያልፍ ፍሪጁንና ኤሲውን ይለያል፤ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ያገናኛል። ይህች የደቂቃዎች መዘግየት ከቤቱ አልፋ ለሰፈሩም እንደምትጠቅም ወደ ታች ይታያል።

ከእነዚህ ሌላ ያለ ምንም መገናኛ ኃይል የሚያድኑም አሉ። ብሩሽ አልባ ሞተር ያለው አዲሱ ቬንትሌተር የአሮጌውን ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ኃይል ይወስዳል። ኢንቨርተር ያለው ኤሲ መጭመቂያውን እያጠፋ ከማስነሣት ይልቅ ፍጥነቱን ያስተካክላል። የኢትዮጵያ የኃይል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለእንጀራ ምጣድ የኃይል ብቃት ደረጃ ያዘጋጀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከመጋገሪያው ሸክላ በታች ሙቀት የሚያስቀር መሸፈኛ የሌለው ምጣድ ኃይሉን ለእንጀራው ብቻ ሳይሆን ለኩሽናውም ይሰጣል። በ40 ዲግሪ አገር ለኩሽና የተሰጠ ሙቀት ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፤ አንዴ በምጣዱ፣ አንዴ በማቀዝቀዣው።

ቆጣሪው፦ ሂሳቡን ማን ያያል

በኢትዮጵያ የቤት ኃይል አያያዝ ማዕከል ቆጣሪ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ማመንጨትና ማስተላለፍን በያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና ለደንበኛ በሚሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተከፍሏል። ደንበኛው የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው። በእጁ ያለው ቆጣሪም ከሦስት ዓይነት አንዱ ይሆናል።

ድህረ ክፍያ ቆጣሪ በየወሩ በቆጣሪ አንባቢ ይነበባል፤ ደንበኛው የተጠቀመውን የሚያውቀው ከተጠቀመ በኋላ ነው። ቅድመ ክፍያ ወይም የካርድ ቆጣሪ መጀመሪያ ይሞላል፣ የቀረውን በመስኮቱ ላይ ያሳያል፣ ሲያልቅ ያጠፋል። ስማርት ቆጣሪ ደግሞ ንባቡን ራሱ በመገናኛ መረብ ይልካል፣ በየሰዓቱ ይመዘግባል፣ ሲነካካ ያሳውቃል፣ ከርቀት ይቆረጣል ይቀጠላል። ይህ ዓይነት በአገሪቱ ቅድሚያ የተሰጠው ለከፍተኛ ኃይል ተጠቃሚ ደንበኞች ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የጀመረችው ጣሊያን ነበረች፤ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤኔል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ከ30 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ቆጣሪ ለውጧል።

የቅድመ ክፍያ ውጤት በሚገባ ተጠንቷል። በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ከድህረ ክፍያ ወደ ቅድመ ክፍያ የተዛወሩ ቤቶች ፍጆታቸው 14 በመቶ ገደማ መቀነሱ ታይቷል። በእንግሊዝ ከስማርት ቆጣሪ ጋር በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማሳያ የሚያመጣው ቁጠባ ከ2 እስከ 3 በመቶ አካባቢ ነው የሚገመተው። ልዩነቱ ትምህርት አለው፤ ቀሪ ሂሳቡን እያየ የሚጠቀምና ሲያልቅበት የሚጨልምበት ሰው፣ ግራፍ እያየ ሂሳቡ በወሩ መጨረሻ ከሚመጣለት ይበልጥ ይጠነቀቃል። ነገር ግን የኬፕታውኑ ቅነሳ ሁሉ ከብክነት የመጣ ነው ማለት አይደለም፤ የድሃ ቤተሰብ ቁጠባ አንዳንዴ ያልተጋገረ እንጀራና ያልተከፈተ ቬንትሌተር ነው።

ታሪፉ ይህን ጉዳይ አንገብጋቢ አድርጎታል። ለ12 ዓመታት ያህል ሳይነካ የቆየው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት 0.273 ብር፣ ከ500 በላይ ለሆነው ደግሞ 0.6943 ብር ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት የሚደረስበት ጭማሪ ተጀመረ፤ የዝቅተኛው ተጠቃሚ ዋጋ ባለበት ሲቆይ የከፍተኛው እስከ 2.481 ብር ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ሌላ የአራት ዓመት ማስተካከያ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ አሠራር ብዙ የሚጠቀም ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል። ከፍ ያለ ፍጆታ በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የኑሮ ምልክት ነው፤ በሰመራ ግን ሕፃን ይዞ በሙቀት የማይተኛ ቤተሰብም እዚያው መደብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ታሪፉ የአየር ንብረትን አይለይም።

ሌላው የቆጣሪ ጉዳይ ኪራይ ነው። በአንድ ግቢ ሦስትና አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት አሠራር ሂሳቡ በአምፖል፣ በሰው ቁጥር ወይም በአከራዩ ግምት ይከፈላል። ምጣድና ኤሲ መጠቀም በውል የሚከለከልባቸው ግቢዎችም ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለ ግቢ ቆጣቢው ተከራይ ከቁጠባው የሚያተርፈው የለም። ከስማርት ቆጣሪ በፊት እዚህ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ክፍል የሚቆም ርካሽ ንዑስ ቆጣሪ ነው፤ መለካት የማይችልን ሰው ቆጥብ ማለት ፍትሕ አይሆንም።

ክፍያው በበኩሉ ዲጂታል ሆኗል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ፣ የመብራት ሂሳብ ለመክፈል ቢሮ ድረስ ሄዶ መሰለፍ እየቀረ መጥቷል። ለስማርት ቆጣሪ መሠረት የሚሆነው የክፍያ መስመር በዚህ ተዘርግቷል ማለት ነው።

ከቤት ወደ ሰፈር

ስማርት ቴክኖሎጂ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው አንድ ቤት ሲቆጥብ ሳይሆን ብዙ ቤቶች በተራ ሲጠቀሙ ነው። አንድ ሰፈርን የሚመግብ ትራንስፎርመር 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ቢሆን፣ 30 ቤቶች ባንድ ጊዜ ምጣድ ቢሰኩ 105 ኪሎ ዋት ይጎትታሉ፤ ያለ አንድ አምፖል ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ አለፈ ማለት ነው። እነዚያው 30 ምጣዶች በሦስት ፈረቃ ቢሰኩ ጭነቱ 35 ኪሎ ዋት ይሆናል። የተጠቀሙት ኃይል አንድ ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

በቆላ ይህ ስሌት ሌላ ጫና አለበት። ትራንስፎርመር በመደበኛ ደረጃው የሚነደፈው ከ40 ዲግሪ ለማይበልጥ የአየር ሙቀት ነው። ሰመራ ላይ ኤሲ ሁሉ የሚከፈትበት ቀን፣ ትራንስፎርመሩም ራሱን ማቀዝቀዝ የሚያቅተው ቀን ነው። የአገሪቱ ፍላጎት ከፍ የሚለው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በአፋር ከተሞች ከዚህ በላይ የሌሊቱ ማቀዝቀዣ ይጨመርበታል። በረመዳን ደግሞ ጭነቱ ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሑር ሰዓት ይሰበሰባል፤ የቀኑን የሚያውቅ፣ የወሩን የማያውቅ የጭነት ዕቅድ በዚህ አገር ይሳሳታል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚፈጠረውም እንዲሁ ነው። በሰፈሩ ያሉ ፍሪጆችና ኤሲዎች በአንድ ቅጽበት ሲነሡ የመነሻ ጉልበታቸው መስመሩን መልሶ ይጥለዋል፤ «መጣ ሲሉት ሄደ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የቮልቴጅ መከላከያው መዘግየት ከቤት ቤት የተለያየ ቢሆን፣ አንዱ በ3፣ ሌላው በ6፣ ሌላው በ9 ደቂቃ ቢገናኝ፣ ጭነቱ ደረጃ በደረጃ ይመለሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው አስመጪውና ደረጃ አውጪው መሥሪያ ቤት የሚስማሙበት አንድ መስፈርት ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ አከፋፋዩ ራሱ ይሠራዋል። ኒው ዚላንድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በመስመሩ ላይ በሚላክ ምልክት የቤቶችን የውኃ ማሞቂያ በጫና ሰዓት እያጠፋች ኖራለች። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው ሶልሼር የተባለ ኩባንያ የቤት ሶላር ያላቸውን ጎረቤታሞች በትንሽ መስመር አገናኝቶ የተረፋቸውን ኃይል እንዲሸጣሸጡ አድርጓል። በኢትዮጵያ ቀደም ባለው ታሪፍ በሰዓት የሚለያይ ዋጋ ለኢንዱስትሪ ደንበኞች ነበር፤ የመኖሪያ ቤት ደንበኛ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚከፍለው እኩል ነው። ሰዓት የሚመዘግብ ቆጣሪ ሲስፋፋ የሰዓት ዋጋም ይቻላል። ያኔ ምጣድን ወደ ማለዳ ማዛወር ትርፍ ይኖረዋል።

ይህ ጉዳይ ወደፊት ይበልጥ ይጠነክራል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከልክላለች። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና በቤት ሲሞላ እንደ ሁለት ምጣድ የሚቆጠር ኃይል ለሰዓታት ሊወስድ ይችላል። በጅቡቲ መንገድ ላይ ላሉት ከተሞች መኪና መሙላት የቤት ብቻ ሳይሆን የንግድም ሥራ ይሆናል፤ ሰዓቱን የሚመርጥ ባትሪ መሙያ ከአሁኑ መለመድ ያለበት ለዚህ ነው።

ከመስመር ውጪ ያሉት

ከዋናው መንገድ ጥቂት ራቅ ሲባል መስመሩ ይቀራል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የኢትዮጵያ የኃይል ተደራሽነት ጥናት ከቤተሰቦች 33 በመቶው ከመረብ፣ 24 በመቶው ደግሞ ከመረብ ውጪ ባለ ምንጭ፣ በአብዛኛው በፀሐይ፣ ኃይል እንደሚያገኙ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው የብሔራዊ ኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እስከ 2025 ሁሉን ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን በመረብ፣ 35 በመቶውን ከመረብ ውጪ አስቦ ነበር።

ከስማርት ቴክኖሎጂ ለድሃው ቤት ቀድሞ የደረሰው እዚህ ነው። ኬንያ ውስጥ ኤምኮፓ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው አሠራር፣ የሶላሩ ሳጥን ውስጥ የተተከለው መቆጣጠሪያ ደንበኛው በስልክ ሲከፍል የሚሠራ፣ ሳይከፍል ሲቀር የሚቆለፍ ነው። ሳጥኑ የባትሪውን ሁኔታና የቀኑን ፍጆታ ይመዘግባል። ለአርብቶ አደሩ ዋናው ጥቅም ስልክ መሙላትና መብራት ነው፤ ቤቱ ሲነሣ ሶላሩም አብሮ ይነሣል። ክፍያው ግን የመንጋውን ወቅት ማወቅ አለበት፤ በየሳምንቱ የሚከፈል ሂሳብ ገቢው በገበያ ቀንና በፍየል ሽያጭ ለሚመጣ ቤተሰብ አይመችም።

የቆላው ሙቀት ለሶላርም ፈተና ነው። የሶላር ፓነል ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በጨመረ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከአቅሙ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። በአፋር ፀሐይ 65 ዲግሪ የደረሰ ፓነል ከተጻፈበት አቅም 16 በመቶ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግማሽ ይቀንሳል። አቧራውም ብርሃኑን ይሸፍናል። ስለዚህ ፓነሉን ከቆርቆሮው ከፍ አድርጎ አየር ማሳለፍ፣ ባትሪውን በጥላ ማስቀመጥ፣ በሳምንት አንዴ ማጽዳት ከማንኛውም መተግበሪያ የበለጠ ኃይል ይመልሳል።

እንቅፋቶች

የመጀመሪያው እንቅፋት የመገናኛ መቋረጥ ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚታዘዝ ዕቃ መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ሲዘጋ፣ ወይም የአምራቹ አገልግሎት ባሕር ማዶ ሲቋረጥ፣ ተራ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ሸለቆ የሚስማማው ውሳኔውን በቤቱ ውስጥ የሚሰጥ፣ የሞላለትን ሰዓት በራሱ የሚያስታውስ፣ በእጅም ሊነካ የሚችል መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። መሣሪያዎቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የውጭ ምንዛሪው ዋጋቸውን ይወስነዋል። በወር ጥቂት ብር ብቻ ለሚያድን አምፖል ብዙ መቶ ብር የሚያስወጣ ስማርት ሶኬት መግዛት ኪሳራ ነው፤ ለኤሲና ለውኃ ማሞቂያ ግን ወጪው ሊመለስ ይችላል። ሦስተኛው ቋንቋ ነው። የመተግበሪያዎቹ ገጽ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአፋርኛ የሚናገር የድምፅ መመሪያ ወይም በቆጣሪው ላይ ያለ ቀይና አረንጓዴ መብራት ለብዙ ቤት ይበልጥ ይጠቅማል። ምጣዱንና ፍሪጁን በየቀኑ የሚጠቀሙት ሴቶች ሆነው ሳለ፣ መተግበሪያው ያለው በባል ስልክ ላይ መሆኑም መታሰብ አለበት።

አራተኛው ምሥጢር ነው። በየሰዓቱ የሚመዘገብ ንባብ ቤተሰቡ መቼ እንደሚተኛ፣ መቼ ቤት እንደሌለ ያሳያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን ዓይነት መረጃ የሚይዝ ተቋም ኃላፊነት እንዲኖርበት ያደርጋል። አምስተኛው መሬቱ ራሱ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የአዋሽ አርባን አካባቢ ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አስነሥቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ መስመርን ከርቀት የሚለይ ቆጣሪና በቤቱ ውስጥ ፍሳሽ ኃይልን የሚያቋርጥ መከላከያ የቁጠባ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ይሆናሉ።

ቅደም ተከተሉ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ለአዋሽ ሸለቆ ከተሞች መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥላና ነጭ ጣራ ያለው ቤት ነው፤ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቆጣሪ፤ ሦስተኛ ብቃቱ የተረጋገጠ ቬንትሌተር፣ ኤሲና ምጣድ፤ አራተኛ መዘግየቱ የተከፋፈለ የቮልቴጅ መከላከያ። ከእነዚህ በኋላ ሰዓት የሚመዘግብ ስማርት ቆጣሪና የሰዓት ዋጋ ሲመጣ፣ በስልክ የሚታዘዝ ዕቃ ትርፉ ለቤቱም ለሰፈሩም ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ዘመናዊው መሣሪያ የሚያገለግለው ኤሲ መግዛት የቻለውን ብቻ ነው፤ የተጨናነቀው ትራንስፎርመር ሲወድቅ ደግሞ የሚጨልመው ሁሉም ነው። የአፋር ክልል መስተዳድርና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የታሪፍ መደቡን ከአየር ንብረት ጋር አገናዝበው ማየትና የግቢ ተከራዮችን በንዑስ ቆጣሪ መለየት ቢጀምሩ፣ ሌላው ሥራ የሚቆምበት መሠረት ይኖረዋል።